የቶርቬል ጅራት

ካቻቪቴው አመለጠና የክብሪትን አውራ ጣት ላጠው። ጣቷን እየመጠጠች በሌላ እጇ ሎጎውን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ አደረገችው። በመጨረሻ ሁለቱ የነሐስ እግሮቹ እንደ ወተት ጥርስ ላላ ብለው ከአምፕሊፋየሩ ፊት ተነቀሉ።

«ያ ሳጥን ከእኔ ጋር ስንት ሠርግ ዞሯል፤ አንድም ጥርሱ አልወለቀም ነበር» አለ አጎቷ፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ።

«ፎቶ ላነሳው ብቻ ነው። ለቅዳሜ።»

«ፎቶ ለመነሳት ጥርስ ይወልቃል እንዴ? እኔ ጉርድ ፎቶ ስነሳ አፍህን ክፈት ያለኝ የለም።»

አልሳቀችም። አጎቷ ባስ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ አሁን የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አምፕሊፋየሩን ለእሷ ከሰጣት ወዲህ ግን እንደ ዳረ አባት በየሰበቡ እየመጣ ያየዋል። እሷ ደግሞ ሥራ ላይ ስትሆን ቀልድ አይገባትም።

ሎጎው ተሰክቶ በቆየበት ቦታ ጥቁሩ የፊት ጨርቅ እንደ አዲስ ነው። አቧራም ፀሐይም አላገኘውም። በቀለም ብሩሽ ጠራረገችው። ብሩሹ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ሥር ሲደርስ ግን ጨርቁ ወደ ውስጥ ጎድጎድ አለ። በጣቷ ተጫነችው። ጨርቁ አልተበሳም፤ ከበስተኋላው ሊኖር የሚገባው እንጨት ግን የለም።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

የጀርባውን ክዳን ፈትታ በስልኳ መብራት ወደ ውስጥ አየች። የፊቱ ሰሌዳ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። ሁለቱ አሁን የነቀለቻቸው እግሮች የገቡባቸው ናቸው። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ጨርቁ ሲለጠፍ የፈሰሰው ሙጫ ውስጡ ገብቶ እንደ ማር ደርቋል። ጨርቁን የያዙት ትንንሽ ምስማሮች ዝገው ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም አልነካካውም።

ሎጎውን ገልብጣ መብራቱ ሥር አመጣችው። የመጨረሻው ፊደል ጫፍ፣ እሷ ሁልጊዜ «እዚህ ጋ በቃ ያልቃል» የምትለው ቦታ፣ የመጋዝ ጥርስ ያለፈበት ጭረት አለው። ከጭረቱ በላይ ደግሞ የፋብሪካው ወርቃማ ቅብ በስሱ ፈሷል። መጀመሪያ ተቆርጦ፣ ኋላ ነው የተቀባው።

ክብሪት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። 

አምፕሊፋየሩ ቶርቬል የሚባል የድሮ ስሪት ነው፤ ስለ ቶርቬል ሎጎ ከክብሪት በላይ የሚያውቅ በከተማው ውስጥ የለም፤ ቢያንስ ክብሪት እንደዚያ ታምን ነበር። ቅጽል ስሟ የወጣላት ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳቱ እጇን እንኳ ሳታወጣ ቦግ ብላ አረመቻቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ክብሪት ሆና ቀረች። ስሙን አልጠላችውም። እንዲያውም ሰው እንዳይረሳው በየቀኑ ትጭረው ነበር ማለት ይቻላል።

«ሎጎ አይዋሽም» የሚል ፔጅ አላት። የድሮ አምፕሊፋየር ፎቶ የላከላት ሰው ሁሉ ፍርዱን በዚያው ቀን ያገኛል። የቶርቬልን ታሪክ በቃሏ ትወጣዋለች። መጀመሪያ ቡናማ ጨርቅ የለበሱት ነበሩ። ሎጎአቸው የነሐስ የእጅ ጽሑፍ ሆኖ፣ ከመጨረሻው ፊደል ረጅም ጅራት ይወጣና ስሙን በሙሉ ከሥር አስምሮ እስከ መጀመሪያው ፊደል ይመለሳል። ሦስተኛው እግር ያለው እዚያ የጅራቱ ጫፍ ላይ ነው። ቀጥለው ጥቁር ጨርቅ የለበሱት መጡ፤ ጽሑፉ ያው ነው፣ ጅራቱ ግን የለም። በመጨረሻ ፋብሪካው ተሸጠ፤ የገዙት ሰዎች ያንን የመሰለ ጽሑፍ ጥለው የጎማ ሱቅ ማስታወቂያ የሚመስል ድብልብል የፕላስቲክ ፊደል በሙጫ ለጠፉበት። ክብሪት ስለ እነዚህ ሰዎች ስታወራ ቤቷ ድረስ መጥተው እናቷን የሰደቡባት ነው የሚመስለው።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታሳጥረዋለች፤ «ቡናማ ከነጅራቱ፣ ጥቁር ያለ ጅራቱ፣ ፕላስቲክ ከሆነ ውጣ ከቤቱ!» ተከታዮቿ ያጨበጭባሉ።

አሁን ግን ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ሳጥን፣ ለጅራት የተበሳ ቀዳዳ ይዞ ከፊቷ ተቀምጧል። ማለትም ፋብሪካው ወደ ጥቁር ጨርቅ ሲቀየር ጅራቱ ገና ነበር። ሰሌዳዎቹ ለጅራቱ ተበስተው ነበር። ከዚያ አንዱ አለቃ «ጅራቱ ይቅር» ሲል፣ ሠራተኞቹ የተከመረውን የድሮ ሎጎ በመጋዝ እየቆረጡ መግጠም ቀጠሉ። ያ ሳይደርስባቸው ከነጅራታቸው የፋብሪካውን በር ያለፉ ጥቁሮች ነበሩ። መኖር አለባቸው።

አንዱን ደግሞ አይታዋለች። ባለፈው ቅዳሜ።

ያን ቀን በትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ የድሮ ዕቃዎች ቀን ነበር። ሰው ያለውን ይዞ መጥቶ መተላለፊያው ላይ ደርድሯል። የክብሪት የልብ ጓደኛ ባትሪ፣ ስልኩን ይዛ ከፊት ከፊቷ የኋሊት ትራመዳለች። በክብሪት ፔጅ ላይቭ እያስተላለፉ ነው። ባትሪ ስሙን ያገኘችው በማያልቅ ጉልበቷ ነው፤ ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ሰው ነበረች። ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ «ዛሬ አንድ ነገር አሳይሻለሁ፣ ቆይ ብቻ!» ትላለች።

መተላለፊያው መጨረሻ ላይ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ቶርቬል ቆሟል። ከነጅራቱ።

ክብሪት ተጫረች። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! እዩልኝ ይሄን ድፍረት!»

ባትሪ ከስልኩ በላይ ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን በኃይል ነቀነቀች። ክብሪት አይታታለች። አይታት ነው «አንቺም ገረመሽ አይደል?» ብላ የቀጠለችው።

«ጥቁር ላይ ጅራት የለም! አልነበረም፣ አይኖርም! አንዱ ብልጣ ብልጥ ከሞተ ቡናማ ላይ ሎጎውን ነቅሎ እዚህ ሰክቶታል፤ ዋጋው እንዲሰቀልለት። ይሄ ጥገና እንዳይመስላችሁ፣ ሌብነት ነው። ፎርጅድ!»

ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ገመድ ሊሰካ ተንበርክኮ የነበረ ሰው ቀስ ብሎ ቀና አለ። የባትሪ አባት ነበር።

ጠጋኙ ይሉታል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው በሥራው ነው። ያንን ሳጥን ከተዘጋ ጭፈራ ቤት ጓዳ፣ አይጥ የበላው ገመዱ ተንዘልዝሎ ነው ያገኘው። ሰው ሳያይ ክፍል በክፍል ሠራው፤ ለልጁ እንኳ ያሳያት ያን ቀን ጠዋት ነው። አዳራሹ ለድምፅ ዕቃዎቹ ቋሚ ጠጋኝ ይፈልግ ነበር። ዲፕሎማ ስለሌለው «ሥራዬን ይዩልኝ» ብሎ ነው ያመጣው። የአዳራሹ ኃላፊም ሊያየው መጥቶ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ አልሰካሁትም፤ እንዲሁ ነው ያገኘሁት» አለ ጠጋኙ። 

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ እንኳ «እስቲ ይከፈትና ድምፁን እንስማው» ያለ አልነበረም። አምፕሊፋየር እኮ ነው! የተፈጠረው ሊሰማ ነው። ያ ሁሉ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ያ ሁሉ ስልክ ቀሳሪ፣ ግንባሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ ፈረደበትና ሄደ። ኃላፊው ከንፈሩን መጠጠ፣ ሰዓቱን አየ፣ እሱም ሄደ። ባትሪ ስልኩን ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

ሰኞ ዕለት ኃላፊው ለክብሪት ደወለላት። የፊታችን ቅዳሜ ለሚከፈተው የድሮ ሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት የሎጎዎቹን ታሪክ በትልቅ ሰሌዳ ላይ እንድትሠራለት ፈለገ። መግቢያው ላይ ይሰቀላል፤ ስሟም የጥሪ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ክብሪት እሺ አለች። በዚያው ሰኞ ባትሪ ክፍል ውስጥ ቦርሳዋን አንስታ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

አሁን፣ ቀዳዳውን ለአጎቷ አሳየችው። ሁሉንም ነገረችው። ተነስቶ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ አየና ተመልሶ ተጋደመ።

«ማን ያውቃል ይሄን?»

«እኔና አንተ።»

«እኔ አፌ ጥብቅ ነው። አንቺ ነሽ ችግሩ።»

«አጎቴ፣ ሰውየውን ሌባ ብዬዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ። የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ ሲያየው ነበር፤ እኔም እየነዳሁ ሰማሁሽ፤ ድምፅሽ እንደኔ ባስ ነው፣ ሰው ይጥላል።» በእጁ ራሰ በራውን አሻሸ። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔን ራስ እዪው፤ ካወቅኩ በኋላ ምን አደረግኩት? ምንም። ኮፍያ ገዛሁ። አንቺም መልሰሽ ስኪውና ዝጊው። ሰሌዳሽን ስቀዪ። ዛሬ ‹ተሳሳትኩ› ያለ ሰው ነገ ልክ ሲሆንም የሚሰማው የለም። እኔ ባንድ ውስጥ ያየሁት ይሄንን ነው፤ ኖታ ከሳትክ ፊትህን ሳታጨማድድ ቀጥል፤ ሕዝቡ አይነቃም።»

ክብሪት ሎጎውን መልሳ ሰካችው። የጀርባውን ክዳን ብሎን በብሎን አሰረች። አምፕሊፋየሩ ልክ እንደ ጠዋቱ ሆነ፤ የሚያምር፣ ጥቁር፣ ምንም የማያውቅ። ደቂቃ አልቆየችም፣ መልሳ ነቀለችው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጠጋኙ ሱቅ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር። በር ላይ ስትደርስ አንዱም አልቀረላትም። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ የቀለጠ የብየዳ እርሳስ ይሸታል። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አያት። ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢጮህባት በወደደች።

«ግቢ፣ ግቢ! ጥሩ ጊዜ መጣሽ» አለና በርጩማውን በክንዱ ጠርጎ ሰጣት። «እኔም ላስጠራሽ ነበር። ልጄ ግን ‹አልጠራትም› አለችኝ። እናንተ ደግሞ ስትጣሉ የምትታረቁት በሽማግሌ ነው። በይ እስቲ ይሄን እዪልኝ።»

ከጠረጴዛው ሥር ቶርቬሉን አውጥቶ ፊቱን ወደ እሷ አዞረው።

ጅራቱ የለም።

«እንዳልሽው አስተካከልኩት» አለ ጠጋኙ። «የሸጠልኝ ሰው ነው ያታለለኝ ብዬ አሰብኩ። አንቺ መቼም አንብበሽ ነው የምትናገሪው። እና ልክ ያልሆነ ነገር ተሸክሜ ልዙር? ቆረጥኩት። በሞረድ አለሰለስኩት። የጅራቱ እግር የነበረበትን ቀዳዳም በእንጨት ደፈንኩና ጨርቁን አዲስ አለበስኩት፤ መቼም ሥራ ግማሽ አልወድም። አሁን ልክ ነው?»

ክብሪት የመጨረሻውን ፊደል ጫፍ በጣቷ ነካችው። ለስላሳ ነው። ከፋብሪካው ሠራተኞች የተሻለ ነው የቆረጠው።

«ልጄ፣ አሁን ልክ ነው ወይ?»

«ልክ ነበር» አለች። «በፊትም ልክ ነበር፣ ጋሼ። ልክ ያልነበርኩት እኔ ነኝ።»

ስለ ሦስተኛው ቀዳዳ፣ ስለ መጋዙ ጭረት፣ ስለ ቅቡ ነገረችው። እየቆራረጠች፣ ወደኋላ እየተመለሰች። ሲሰማት መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው። ስትጨርስ አምፕሊፋየሩን ብዙ አየው። ሊነካው እጁን ዘረጋና ተወው።

«እንግዲህ… እኔም ቸኮልኩ» አለ በመጨረሻ።

«እርስዎ አልቸኮሉም! ለምን እንደዚያ ይላሉ? እኔን አመኑ እንጂ አልቸኮሉም!» ድምፅዋ ከሱቁ አልፎ መንገድ ወጣ። በራሷ ላይ ተናዳ ነው፤ የምትጮኸው ግን በእሱ ላይ ነው፤ ይህንንም አውቃዋለች፣ ማቆም ግን አልቻለችም። «ለአዳራሹ ኃላፊ እነግረዋለሁ። ዛሬ ነው የምነግረው።»

«ምን ብለሽ?» ጠጋኙ ድምፁን አላነሳም። «ሰውየው መጥቶ ያየዋል እንበል። ቅዳሜ ጅራት የነበረው ሳጥን ዛሬ በትኩስ መጋዝ ተቆርጧል፤ ጨርቁ አዲስ፣ ቀዳዳው ድፍን። ምን የሚል ይመስልሻል? ‹ሲነቃበት ማስረጃ አጠፋ› ነው የሚለው። አንቺም ‹የጓደኛዋ አባት ሆኖባት ነው› ትባያለሽ። ተዪው ልጄ። ዝም ሲባል ይረሳል። ሰው እንኳን ይሄን ስንቱን ይረሳል።»

ትክክል ነበር፤ ክፋቱም ይኸው ነው። በንጹሕ እጁ፣ በእሷ ቃል፣ የሚያድነውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አጥፍቶታል። አሁን የቀረው የአጎቷ ሳጥን ውስጥ ያለ ቀዳዳና የእሷ ምላስ ብቻ ነው።

ስትወጣ ባትሪ የሱቁ ደረጃ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«ባትሪ…»

«ጨርሰሽ ነው? አለቀስሽ? ቀለለሽ?»

«እኔ እኮ የእሱ መሆኑን አላወቅኩም…»

«የሌላ ሰው አባት ቢሆን ችግር አልነበረውማ!» ባትሪ ሳቀች፤ የሚያስጠላ አጭር ሳቅ። «ራሴን ነቀነቅኩልሽ። አይተሽኛል። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ እኮ። አባቴን ሌባ ስትይው እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጥራቱ ያምራል አይደል? ስንት ላይክ አገኘ?»

«አጠፋዋለሁ። ዛሬውኑ ከፔጁ ላይ…»

«አዎ፣ አጥፊው! እሱም ቆረጠ፣ አንቺም ቁረጪ። በቃ ምንም እንዳልነበረ።» ከጃኬቷ ኪስ አንድ ነገር አውጥታ በክብሪት መዳፍ ላይ ጣለችው። የነሐሱ ጅራት ነው፤ ቀጭን፣ ጠማማ፣ ጫፉ ላይ አንድ እግር ያለው። «ከቆሻሻው ውስጥ ነው ያወጣሁት። እንቺ፣ ግድግዳሽ ላይ ስቀዪው። አቦ ሂጂልኝ አሁን።»

«ይቅርታ» አለች ክብሪት።

ባትሪ ወደ ሱቁ ገባች። 

ክብሪት ቪዲዮውን አላጠፋችውም። ያን ቀን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጣቷን «አጥፋ» የሚለው ላይ ብዙ አቆየችው። ግን ጥቁሩ ሳጥን ከነጅራቱ የሚታይበት ቦታ በዓለም ላይ ሌላ የለም። ለጠጋኙ የሚመሰክርለትም፣ እሷ ስትሰድበው የሚያሳየውም ያው አንድ ፊልም ነው። የራሷን ጩኸት እስከ መጨረሻው አየችው። ድምፅዋ ደስ ብሎታል። ያን ያህል ደስ እንዳላት ትዝ አይላትም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዶች ከመድረሳቸው በፊት አዳራሹ ደረሰች። ሰሌዳዋ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ሰፊ ኮምፔንሳቶ ላይ ሦስቱ ሎጎዎች በትልቁ ተሥለዋል፤ ከሥራቸው የራሷ ዓረፍተ ነገር፣ «ጥቁር ጨርቅ ላይ ጅራት ካያችሁ፣ ተታላችኋል»፤ ከዚያም ስሟ። ቆንጆ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚህ በፊት ከሠራችው ሁሉ ቆንጆ ነው።

ኃላፊው ክራቫቱን እያስተካከለ ሰማት። የአጎቷን ሎጎና የተቆረጠውን ጅራት መዳፏ ላይ ይዛ አሳየችው። የቀዳዳውን ፎቶ አሳየችው። ጠጋኙ ለምን እንደቆረጠ ነገረችው። ሁሉን ሲሰማ ፊቱ ላይ የመጣው ነገር ሐዘን አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ሌላ ሥራ ሲጨመርለት የሚመጣው ነው።

«ጎሽ፣ ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለ። «ግን አስቢው። ስምሽ ታትሟል። እኔ ያንን ሰውዬ የመለስኩት አንቺን ሰምቼ ነው። አሁን አንቺ ስትገለበጪ እኔ ምን ልሁን? በአንዲት ተማሪ ወሬ ሰው የሚመልስ ኃላፊ ልባል?»

«እኔም አንዲት ተማሪ ሳለሁ ነው የሰሙኝ።»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገ። «አትቆጪ። መላ አለው። አንድ ቃል ጨምሪበት። ‹አብዛኛውን ጊዜ› በዪ። ‹ጥቁር ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጅራት ነው።› አለቀ። ውሸት የለበትም፣ ማንም ልብ አይለውም፣ የሚጎዳም የለም።»

ክብሪት ሰሌዳውን አየች። እውነት ነው፤ ውሸት የለበትም። አንድ ቃል ናት፤ ቦታም አላት፤ በቀጭን ፊደል ከላይ ትገባለች። ከዚያ ማንም ሊይዛት አይችልም፣ ወደፊትም፣ መቼም። ጠጋኙ ብቻ ሱቁ ውስጥ ሆኖ የቆረጠውን እያየ ይኖራል።

«መሰላሉን ልጠቀምበት?» አለች።

«ለምን?»

መሰላሉን አስደግፋ ወጣች። የላይኛውን ምስማር በፒንሳ ስትነቅል የግድግዳው ቀለም አብሮ ተቀረፈ፤ ኃላፊው «ቀስ! ቀስ በይ እንጂ! አዲስ ቀለም እኮ ነው!» እያለ ከሥር መሰላሉን ያዘ። ሰሌዳው ከቁመቷ ይበልጣል። እያንገዳገዳት አወረደችውና ወለሉ ላይ በደረቱ አስተኛችው። ጀርባው ነጭ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም።

ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ናቸው።

ተንበርክካ የማርከሯን ክዳን በጥርሷ ከፈተች። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ያወራል። «እሺ፣ ስለ ፋብሪካው ከሆነ ያስኬዳል። እንዲያውም ይሻላል! የተቆረጠ ጅራት፣ የተደበቀ ቀዳዳ… ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል። አዲስ ግኝት ብለሽ ጻፊው። ስምሽን ከሥሩ በትልቁ።»

እጇ አየር ላይ ቆመ። እንደዚያም ሊሆን ይችል ነበር። ከፋብሪካው ብትጀምር፣ ከመጋዙና ከቅቡ ብትጀምር፣ ሰው ያጨበጭባል፤ ማንም ያላወቀውን ያወቀች ልጅ ትሆናለች፤ እንደገና። ጠጋኙም ታች አንድ መስመር ላይ ይገባል። ወይም አይገባም።

ከፋብሪካው አልጀመረችም።

«ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ቆሜ አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ሌባ ነው ብያለሁ» ብላ ጻፈች። አነበበችው። «አንድ ሰው» የሚለውን ሰረዘችና በላዩ የባትሪን አባት ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጻፈችበት። ሙሉ ስሙን ስትጽፈው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በሩ ተከፈተ። የጫማ ድምፅ፣ ሳቅ፣ ሽቶ አብሮ ገባ። «ምንድን ነው እዚህ ጋ የተነጠፈው?» አለ አንድ ሰው።

ክብሪት ቀና አላለችም። ከሩቅ እንዲነበቡ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ማወፈር ጀመረች።